የግቢ ካሜራ እንዴት ይመረጣል፣ የትስ ይሰቀላል?

አዲስ አበባ ውስጥ ካሜራ ያለበት ግቢ ስትገቡ ቀና ብላችሁ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው ያለው ፎቁ ጫፍ ላይ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ግቢው በሙሉ ይታያል። በሩ፣ መኪናው፣ ሮቶው፣ የተሰጣው ልብስ፣ ሁሉም። ባለቤቱም ስልኩን አውጥቶ ሲያሳያችሁ ደስ ይለዋል። ችግሩ የሚታወቀው የመኪናው ስፖኪዮ የተፈታ ዕለት ነው። ቪዲዮው ይከፈታል። ሰውየው በአጥር ሲዘል ይታያል፣ ወደ መኪናው ሲሄድ ይታያል፣ ሲወጣም ይታያል። ማን እንደሆነ ግን አይታወቅም። የተቀዳው ኮፍያና ትከሻ ነው።

ሱቅ ስትሄዱ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ሜጋፒክሰል ይሁን?» ነው። ቀጥሎ «ስንት ካሜራ?» ይመጣል። የት እንደሚሰቀል የሚወሰነው መሰላሉ ከቆመ በኋላ ነው፤ እሱም ገመዱ በቀላሉ የሚደርስበት ቦታ ይሆናል። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ቦታው ይወሰን፣ ቀጥሎ ሌንሱ፣ ሜጋፒክሰሉ መጨረሻ።

ደረጃ 1፦ ግቢውን ወረቀት ላይ ሳሉት

ቆንጆ ፕላን አያስፈልግም። አጥሩን፣ ቤቱን፣ ሰርቪስ ቤቱን፣ በሩንና መኪና የሚቆምበትን በእስክሪብቶ ጫር ጫር አድርጉ። ከዚያ ከውጭ ሆናችሁ አጥሩን ዙሩት፤ ቁልፍ የሌለው ሰው በየት ይገባል ብላችሁ እያሰባችሁ።

መልሱ ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቦታ ነው። አንዱ ዋናው የብረት በርና በውስጡ ያለችው ትንሿ የሰው መግቢያ። ሌላው አጥሩ በቀላሉ የሚዘለልበት ቦታ፦ የመብራት ምሰሶ የተጠጋው፣ የጎረቤት ሰርቪስ ቤት ጣሪያ የሚነካው፣ ወይም ከግንባታ የተረፈ አሸዋና ድንጋይ የተከመረበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ክምሩን ማንሳት ካሜራ ከመግዛት ይረክሳል፤ ይበልጥም ይጠቅማል። ሦስተኛው በቤቱና በአጥሩ መካከል ያለው ጠባብ መተላለፊያ ነው። የውሃ ፓምፑና የጋዝ ሲሊንደሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው ያሉት፣ ማታ ማታም ማንም ዞር ብሎ አያየውም። አራተኛው የጓዳው በር።

አሁን ነጥቦቹን በሁለት ክፈሏቸው። አንዳንዱ ቦታ ላይ የምትፈልጉት ፊት ነው። ሌላው ቦታ ላይ የሚበቃችሁ «ሰው ገብቷል፣ በዚህ አልፏል» የሚለውን ማወቅ ነው። ፊት የሚፈለግበት ቦታ ማንም ቢሆን ሳያልፍበት የማይቀር ጠባብ ቦታ መሆን አለበት፦ ትንሿ በር፣ መተላለፊያው፣ የደረጃው መጀመሪያ። ሰፊው ግቢ ለመከታተያ ይበቃል። ለተለመደ 200 ካሬ ግቢ ብዙ ጊዜ አራት ካሜራ በቂ ነው፦ ሁለቱ ለፊት፣ ሁለቱ ለእንቅስቃሴ። ስምንት የሰቀለ ሰው ሁሉ ከአራት የሰቀለው የተሻለ ያያል ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ ርቀቱን ለኩና ሌንሱን ምረጡ

ሜትር ያዙ። ካሜራው ከሚሰቀልበት ግድግዳ ተነስታችሁ ሰውየው እስከሚቆምበት ድረስ ለኩ። ይህቺ ቁጥር ናት ሌንሱን የምትመርጥላችሁ።

በሙያው የሚሠራበት አንድ መለኪያ አለ። በምስሉ ላይ አንድ ሜትር ስፋት ስንት ፒክሰል ይይዛል የሚል ነው። 25 ፒክሰል ከያዘ «የሆነ ሰው አለ» ማለት ትችላላችሁ። 125 ከያዘ የምታውቁትን ሰው ታውቁታላችሁ። የማታውቁትን ሰው ፊት ለይቶ ለሌላ ሰው ለማሳየት ግን 250 ያስፈልጋል።

ወደ ግቢያችን እናምጣው። ሱቅ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ ነው፤ የምስሉ ወርድ 2560 ፒክሰል ይሆናል። የሌንሱ ቁጥር ባነሰ መጠን እይታው ይሰፋል፤ 2.8 ሚሊሜትር ከሆነ 100 ዲግሪ ያህል ይዘረጋል። በዚህ ስፋት 250 ፒክሰል የሚገኘው እስከ 4 ሜትር ድረስ ብቻ ነው። ሌንሱ 4 ሚሊሜትር ሲሆን ወደ 5 ሜትር ተኩል ይደርሳል። 6 ሚሊሜትር ሲሆን ደግሞ 10 ሜትር ገደማ። ይህ ሁሉ በቀን ብርሃን ነው፤ ሌሊት ይቀንሳል።

አሁን ሻጩ «8 ሜጋፒክሰል ውሰድ፣ ፎርኬ ነው» ሲላችሁ አስቡት። ባለ 8 ሜጋፒክሰሉ በ2.8 ሌንስ ፊት የሚለየው እስከ 6 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ርካሹ ባለ 4 ሜጋፒክሰል በ6 ሚሊሜትር ሌንስ ይበልጠዋል። በዚያ ላይ ፒክሰሉ ሲበዛና ሴንሰሩ ትንሽ ሲሆን እያንዳንዱ ፒክሰል የሚደርሰው ብርሃን ያንሳል፤ ስለዚህ ጨለማ ላይ ምስሉ ይቆሽሻል። ዲስኩንም ቶሎ ይሞላዋል።

ስለዚህ ለሰፊው ግቢ 2.8፣ ለበርና ለመተላለፊያ 4 ወይም 6 ውሰዱ። ሱቁ ውስጥ 2.8 ብቻ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ። መርካቶም ሆነ መገናኛ ብዙ ጊዜ መደርደሪያው ላይ የሚደረደረው 2.8 ስለሆነ ሌላውን ጠይቃችሁ ማስወጣት ሊኖርባችሁ ይችላል። ርቀቱን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ሌንሱ የሚስተካከል ካሜራ አለ፤ ከ2.8 እስከ 12 የሚሄድ። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ለዋናው በር ቢወጣበት አይቆጭም።

ስለ ቅርጹም አንድ ነገር። ክብ የመስታወት ክዳን ያለው ጉልላት ካሜራ ለደጅ አልወደውም። በጋ ላይ አቧራ ይለብሳል፣ ሌሊት ደግሞ የራሱ መብራት ክዳኑ ላይ ይንጸባረቅና ምስሉ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። ረጅሙ እንደ ቱቦ ያለው ከሩቅ ይታያል፣ ለማስፈራራት ጥሩ ነው። ክዳን የሌለው፣ ዓይኑ ኳስ የመሰለው ደግሞ ለአብዛኛው ቤት የተሻለ ነው። የትኛውም ቢሆን ሳጥኑ ላይ አይፒ66 ወይም አይፒ67 የሚል ይኑርበት። የክረምቱን ዝናብና የበጋውን አቧራ የሚችለው እሱ ነው።

ደረጃ 3፦ ከፍታውን አትጨምሩ

አብዛኛው ጥፋት እዚህ ነው ያለው። ሰዎች ካሜራውን ከፍ የሚያደርጉት እንዳይሰረቅ ፈርተው ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ሒሳቡን እዩት። የሰው ፊት ከመሬት 1.6 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ካሜራው 3 ሜትር ላይ ሆኖ ሰውየው 4 ሜትር ሲርቅ፣ ካሜራው ወደ ታች የሚያየው በ19 ዲግሪ ነው። ፊቱ ይታያል። እዚያው ርቀት ላይ ሆኖ ካሜራው 6 ሜትር ላይ ቢሰቀል 48 ዲግሪ ይሆናል። ኮፍያ ያደረገ ሰው አለቀለት፤ አገጩ እንኳ አይታይም።

ፊት የሚይዘውን ካሜራ ከ2.5 እስከ 3 ሜትር ድረስ ብቻ ስቀሉት። እንቅስቃሴ የሚከታተለው እስከ 4 ሜትር ቢወጣ ችግር የለውም። እንዳይሰረቅ ከፈለጋችሁ መፍትሔው ሌላ ነው። አንዱ ካሜራ ሌላውን እንዲያይ አድርጉ። ገመዱ በእጅ የሚጎተት አይሁን፤ በካሜራው መቀመጫ ጀርባ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ይግባ።

ዋናው በር ለብቻው መታየት አለበት። ብዙዎች ቤቱ ላይ ሰቅለው ወደ በሩ ያዞሩታል። በሩ ሲከፈት ግን የመንገዱ ብርሃን ከሰውየው ጀርባ ይመጣና ፊቱ ጥቁር ጥላ ይሆናል። ማታ ደግሞ መኪና ሲገባ መብራቱ ካሜራውን ያውረዋል። ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው በሩ ጎን ካለው አጥር ላይ፣ ከውስጥ በኩል፣ ሰውየው ገብቶ ሁለት ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ከጎን እንዲያገኘው መስቀል ነው። ሁለተኛው ደወሉ አጠገብ፣ የበሩ ቋሚ ላይ፣ ወደ ውጭ እንዲያይ ማድረግ። ደወል የሚጫን ሰው ወደ ደወሉ ያያል፤ ፊቱን ራሱ ይሰጣችኋል። የጀርባ ብርሃን የማይቀርበት ቦታ ከሆነ ደብሊውዲአር የሚባለው፣ ብሩሁንና ጨለማውን ክፍል አመጣጥኖ የሚያሳየው ነገር ያለበትን ካሜራ ምረጡ። ሳጥኑ ላይ «120 ዲቢ» የሚል ሲኖርበት እውነተኛው ነው። «ዲጂታል» የሚል ቃል ከፊቱ ካለ ብዙም አትመኩበት።

ደረጃ 4፦ ፀሐይዋን አስቡ

ከውጭ የተጻፉ መመሪያዎች «ካሜራውን ወደ ሰሜን አዙሩ» ይላሉ። ለአውሮፓ ትክክል ነው። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መገባደጃ ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናታችን ትሆናለች። በመካከል ባሉት ወራት በሰሜን በኩል ታልፋለች፣ በቀሩት በደቡብ። ደግነቱ እኩለ ቀን ላይ ከፍ ስለምትል ሰሜንም ሆነ ደቡብ የሚያይ ካሜራ ብዙ አይቸገርም።

የሚያስቸግረው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ምሥራቅ የሚያይ ካሜራ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። ምዕራብ የሚያየው ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ። ደግሞ ሰው ወደ ሥራ የሚወጣውና ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱት በእነዚሁ ሰዓቶች ነው። በራችሁ ምዕራብ ከሆነና ምርጫ ከሌላችሁ ካሜራውን ትንሽ ወደ ጎንና ወደ ታች አዙሩት። ሰማይ በምስሉ ላይ ከአንድ አራተኛ በላይ እንዳይዝ። ሰማይ ምንም አይነግራችሁም።

ደረጃ 5፦ ሌሊት ሳታዩ ብሎኑን አታጥብቁ

ባለሙያው ብዙ ጊዜ በቀን ይመጣል፣ በቀን ይሰቅላል፣ በቀን አሳይቶ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እናንተ ካሜራውን የምትፈልጉት ግን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ማስተካከያ ከመሸ በኋላ ይሁን ብላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ሌሊት አብዛኞቹ ካሜራዎች ኢንፍራሬድ የሚባል፣ ለዓይን እምብዛም የማይታይ ብርሃን ይረጫሉ። ብርሃኑ አጠገቡ ያለ ነገር ሲያገኝ ተመልሶ ይመጣል። ነጭ የተቀባ ግድግዳ፣ አሸንዳ፣ የጣሪያ ጠርዝ፣ አዲስ የቆርቆሮ አጥር ዋና ጠላቶቹ ናቸው። ካሜራው ለቅርቡ ነገር ይስተካከልና የሩቁን ያጨልመዋል። ከምስሉ ጥግ ላይ የግድግዳ ጠርዝ ካያችሁ ከዚያ አውጡት። የጥድ ወይም የአበባ ቅርንጫፍም እንዲሁ ይቆረጥ፤ ነፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ስልካችሁ ይጮኻል።

ሸረሪት ሌላዋ ናት። የካሜራው ሙቀትና ብርሃን ትንኝ ይሰበስባል፣ ትንኙ ሸረሪት ይጠራል፣ ድሩ ሌንሱ ፊት ይዘረጋል። ሌሊት ላይ ድሩ እንደ ወፍራም ገመድ ሆኖ ይታያል። መድኃኒቱ ረጅም መጥረጊያ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ጠረግ ጠረግ።

በቀለም የሚቀዱት ካሜራዎች ነጭ መብራት አላቸው፣ ወይም የደጅ አምፖል ይፈልጋሉ። ግቢያችሁ ውስጥ ዘበኛ ካለና አምፖሉ ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ ከሆነ እነዚህ ይሻላሉ። የሸሚዝ ቀለም ከፊት ቀጥሎ የሚረዳ ነገር ነው። ሰው ሲመጣ ብቻ የሚበራ አምፖልም ከበሩ በላይ ብታደርጉ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ሥራው ብዙ። ብቻ አምፖሉ ከካሜራው ጀርባ ወይም ከላይ ይሁን እንጂ ወደ ሌንሱ አይብራ።

ደረጃ 6፦ በገመድ ነው በዋይፋይ?

በገመድ። አጭሩ መልስ ይኸው ነው።

ዋይፋይ ካሜራ ለመስቀል ቀላል ነው፣ ለተከራየ ሰውም ይመቻል። ነገር ግን ምልክቱ የብሎኬትና የድንጋይ ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል። ቀረጻውም ብዙ ጊዜ ካሜራው ውስጥ ባለች ሜሞሪ ካርድ ላይ ነው። ካሜራውን ነቅሎ የሄደ ሌባ ማስረጃውንም ይዞ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ዋይፋይ ከመረጣችሁ ቢያንስ ሌላ ቦታ ወደተቀመጠ መቅጃ የሚልክ ዓይነት ይሁን።

በገመድ ሲሆን ምርጡ ፒኦኢ የሚባለው ነው። አንዲት የኔትወርክ ገመድ ኃይልም ምስልም ትወስዳለች፤ እስከ 100 ሜትር። በየካሜራው አጠገብ ሶኬት አያስፈልግም፣ መብራት ሲሄድም አንድ ቦታ ላይ ባትሪ ካለ ሁሉም ይሠራሉ።

ገመዱን ስትገዙ ግን ንቁ። ገበያ ላይ የመዳብ ቀለም የለበሰ አልሙኒየም ሞልቷል። ቀጭኗን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጓት። ውስጧ ነጭ ከሆነ አልሙኒየም ነው፣ ተዉት። በቀን ሁሉም ይሠራል። ሲመሽ ካሜራው የሌሊት መብራቱን ያበራና ተጨማሪ ኃይል ይጠይቃል፤ ያኔ ረጅሙ የአልሙኒየም ገመድ አይችልም። ካሜራው ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ይጠፋል። «ካሜራዬ ማታ ማታ ይበላሻል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጀመሪያ ገመዱን አስፈትሹት።

ግንባታ ላይ ላለ ቤት ወይም መስመር ለሌለበት ቦታ ሲም ካርድ የሚወስዱ ካሜራዎች አሉ፣ ከትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ጋር። ይጠቅማሉ። ግን በ1 ሜጋቢት ጥራት አንድ ሰዓት ሙሉ ካያችሁ 450 ሜጋባይት ይበላል። ካርዱ ላይ እንዲቀዳ አድርጉና ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ብቻ ክፈቱት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሳይገለጥ ሲሰነብት ሰሌዳው ባትሪውን ሳይሞላ ሊያድር እንደሚችልም አትርሱ።

ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ ካሜራ ሲልክላችሁ ደግሞ ሦስት ነገር ጠይቁ። በወር ክፍያ ብቻ ነው ወይ የሚቀዳው? ኢንተርኔት ሲቋረጥስ ይቀዳል? ኃይል መስጫው እስከ 240 ቮልት ይችላል? ከአሜሪካ የመጣ ካሜራ ሲስተካከል 60 ኸርዝ የሚለውን ወደ 50 ለውጡት፤ አለዚያ በአምፖል ብርሃን ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ቀረጻውን በሙሉ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጥ ካሜራ ለሰፈራችን አልመክርም። መስመሩ በተቋረጠበት ሌሊት ባዶ ነው የሚሆነው።

ደረጃ 7፦ መቅጃው፣ ዲስኩ፣ ባትሪው

መቅጃውን ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ሥር አታስቀምጡት። ቤት የገባ ሌባ መጀመሪያ የሚያነሳው እዚያ ያለውን ነው። ቁልፍ ያለው ቁም ሣጥን፣ አየር የሚያገኝ ዕቃ ቤት፣ ከኮርኒስ በላይ የተሠራ መደርደሪያ፣ የፈለጋችሁት ይሁን፤ ከዓይን ይራቅ።

የዲስኩን መጠን በዚህ አስሉ። ባለ 4 ሜጋፒክሰል ካሜራ በኤች265 አቀራረጽ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ገደማ ያወጣል። ይህ በቀን 21.6 ጊጋባይት ነው። አራቱ ካሜራ በቀን 86 ጊጋባይት ያህል። 1 ቴራባይት ዲስክ 11 ቀን ገደማ ይይዛል፣ 2 ቴራባይት ደግሞ 23 ቀን። እኔ 2 ቴራ እላለሁ። ዕቃ መጥፋቱ የሚታወቀው ወዲያው ላይሆን ይችላላ። ክፍለ ሀገር ሄዶ የተመለሰ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዲስኩም ለካሜራ ተብሎ የተሠራው ይሁን፤ ቀንና ሌሊት ያለ እረፍት መጻፍ ለተለመደው የኮምፒውተር ዲስክ ይከብደዋል።

ባትሪውን አታሳንሱ። አራት ካሜራ፣ መቅጃና ራውተር ሌሊት አንድ ላይ 50 ዋት ገደማ ይወስዳሉ። ሱቅ ያለው ትንሹ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ነው፤ 84 ዋት ሰዓት ማለት ነው። አንድ ሰዓት ከቆየላችሁ ጥሩ ነው። ሌሊት መብራት ሄዶ እስከ ንጋት የሚቀር ከሆነ ባለ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪና ኢንቨርተር ያስፈልጋል። ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳታወርዱት 10 ሰዓት ገደማ ያቆያል። ሌባ መብራት የጠፋበትን ሌሊት አይጠላም። ገንዘብ ካነሰ አንድ ካሜራ ቀንሱና ባትሪውን ግዙ።

ደረጃ 8፦ መስቀል

ገመዱን በኮንዲዩት (የገመድ ማሳለፊያ ቱቦ) ውስጥ አሳልፉት። ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ተራ ገመድ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ካሜራው ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ዘንበል ብሎ ተመልሶ ይውጣ፤ ዝናቡ በገመዱ ተከትሎ እንዳይገባ። መገጣጠሚያው ውሃ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ ይሁን፣ የግድግዳው ቀዳዳ በሲሊኮን ይደፈን።

ብሎኬት ላይ የምትበሱ ከሆነ መሀሉ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ አይነክስም። ልስኑ ብቻ ነው የያዘው፤ አንድ ክረምት ሳይሞላ ካሜራው አንገቱን ይደፋል። ኮንክሪት ቋሚው ላይ ወይም ቢሙ ላይ ብሱ። አጥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለ የካሜራው ገመድ ከጎኑ አይሂድ።

ክረምት ላይ መብረቅ አለ። ከዋናው ቤት ርቆ በር ላይ የቆመ ካሜራ ረጅም ገመድ ስላለው አደጋው ይበዛል። የመብረቅ መከላከያ በገመዱ ላይ አስገቡ፣ መሬት የሚገባው ሽቦም በትክክል ይኑረው። መቅጃው የሚሰካበት ሶኬትም መከላከያ ይኑረው።

ደረጃ 9፦ ሰዓቱና ፓስወርዱ

ብዙ መቅጃዎች ከሳጥናቸው ሲወጡ በቻይና ሰዓት ነው የሚሠሩት። ከኛ በ5 ሰዓት ይቀድማል። ወደ +3 ቀይሩት። መቅጃው የሚጽፈው በፈረንጅ ሰዓትና ቀን መሆኑንም ለቤተሰቡ አስረዱ። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ 9 ሰዓት» የምትሉት መቅጃው ላይ ማክሰኞ 03:00 ነው። ይህን ሳያውቁ ማክሰኞ ማታ 9 ሰዓትን ሲፈልጉ የሚያመሹ ሰዎች አሉ።

ፓስወርዱን ባለሙያው የሰጣችሁን ይዛችሁ አትቅሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በዓለም ዙሪያ ብዙ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን የወረረው ከፋብሪካ የመጣውን ፓስወርድ እየሞከረ ነበር። ባለሙያው ፊት አዲስ ፓስወርድ ራሳችሁ ጻፉ። አፑም በእናንተ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ይመዝገብ። በባለሙያው ስልክ የተመዘገበ ካሜራ የባለሙያው ነው፤ ነገ ስልኩን ቢቀይር ወይም ብትጣሉ ተቸገራችሁ።

ሂክቪዥንና ዳሁዋ የተባሉት የቻይና ኩባንያዎች ካሜራዎች እኛ ጋ በብዛት ያሉት ናቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2022 ለአዳዲስ ምርቶቻቸው ፈቃድ መስጠት አቁማለች፤ ምክንያቱ የአገር ደኅንነት ነው ብላለች። ለግቢ ጥበቃ እጠቀምባቸዋለሁ የሚል ሰው ሶፍትዌሩን ያድስ፣ ፓስወርዱን ያጠንክር፣ መኝታ ቤት ውስጥ ካሜራ አያስገባ።

ማስጠንቀቂያውን «ሰው» እና «መኪና» በሚለው ብቻ ወስኑት። «ማንኛውም እንቅስቃሴ» ላይ ከተዋችሁት ድመትና ዝናብ ሲያስጮኹት ያድራሉ፣ በሦስተኛው ቀን ድምፁን ታጠፉታላችሁ።

ደረጃ 10፦ ጎረቤትና ቤተኛ

ካሜራው የጎረቤት መስኮት ወይም ግቢ ካሳየ ያንን ክፍል በመቅጃው ላይ ጥቁር አድርጉት። ሁሉም መቅጃ ማለት ይቻላል ይህ ነገር አለው፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በአገራችን በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ግን ነገሩ አዋጅ ጋ ሳይደርስ በቡና ላይ ቢያልቅ ይሻላል። ከመስቀላችሁ በፊት ንገሯቸው፣ ከሰቀላችሁ በኋላ ስልካችሁን ከፍታችሁ ምን እንደሚታይ አሳዩአቸው። ብዙ ጊዜ «እንግዲህ የኛንም በር ትንሽ ያዝልን» ብለው ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ግቢ ውስጥ ያሉ ሰዎችም አሉ። ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዋ ካሜራ የት የት እንዳለ ማወቅ አለባቸው። መኝታቸውና መጸዳጃቸው በር ላይ የሚያይ ካሜራ አታድርጉ። ለዘበኛው የበሩን ካሜራ የሚያይበት ትንሽ ስክሪን ብታደርጉለት ደግሞ በሩን ሳይከፍት ማን እንደመጣ ያያል። ካሜራ ዘበኛን አይተካም፤ ሥራውን ያቀልለታል።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከሆናችሁ ኮሪደሩ የጋራ ነው። ካሜራችሁ የራሳችሁን በርና ምንጣፍ ብቻ ይያዝ። የብሎኩን መግቢያ ለመያዝ ከፈለጋችሁ በነዋሪዎቹ ኮሚቴ በኩል በጋራ መግዛት ይሻላል፤ ወጪውም ይከፋፈላል።

ደረጃ 11፦ ፈትኑት

መብራቱን አጥፉ፣ ኮፍያ አድርጉ፣ እንደ ሌባ ግቡ። በበሩም፣ በጓሮውም። ከዚያ ቀረጻውን ከስልክ ላይ ሳይሆን ከመቅጃው አውጥታችሁ በትልቅ ስክሪን እዩት። ፊታችሁን ለማያውቃችሁ ሰው አሳዩትና «ይህ ሰው እኔ ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካመነታ ካሜራው ዝቅ ይበል ወይም ሌንሱ ይቀየር። ባለሙያው ገና እዚያው ሳለ ነው ይህ መደረግ ያለበት። በወር አንድ ጊዜም የዛሬ ሳምንት ቀረጻ ዲስኩ ላይ መኖሩን ክፈቱና አረጋግጡ። ዲስኩ ሞቶ ካሜራው በስልክ ላይ ያለ ችግር መታየቱን ሊቀጥል ይችላል።

አንድ ነገር የደረሰ ዕለት መቅጃውን አታጥፉት፣ ምንም አትነካኩ። ሰዓቱን በስልካችሁ አስተያዩና ልዩነት ካለ ወረቀት ላይ ጻፉት። ከዚያ አዲሱ ቀረጻ አሮጌውን ሳይደመስሰው የተፈለገውን ሰዓት፣ ከፊቱና ከኋላው ግማሽ ግማሽ ሰዓት ጨምራችሁ፣ በሁለት ፍላሽ አውጡ። አንዱ ለፖሊስ፣ አንዱ ለእናንተ። ከቀረጻው ጋር የሚወጣውን ማጫወቻ ፕሮግራምም አብራችሁ ገልብጡት፤ አለዚያ ጣቢያ ያለው ኮምፒውተር ላይከፍተው ይችላል።